«ካልተሰማህ አትጸልይ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከብዙ ወጣቶች እጅ የገባ አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ ሲጨመቅ ይህን ይመስላል፦ እግዚአብሔር የሚወደው እውነተኛ ሰው ነው፤ እውነተኛ ሰው ደግሞ የተሰማውን የሚኖር ነው፤ ስለዚህ ልብ ሳይነሣሣ መጸለይ፣ ደስ ሳይል መጾም፣ ተቆጥቶ ምላስን መያዝ፣ ፍቅር ቀዝቅዞ በትዳር መጽናት ሁሉ ማስመሰል ነው። ጸሐፊው ይህን በአምስት ነጥብ ከፍለው አቅርበዋል፤ ለአንዳንዱም ጥቅስ አስደግፈዋል። እኛም በዚያው ቅደም ተከተል እንመልሳለን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንመስክርላቸው። ጽሑፉ የተነሣበት ቁስል እውነተኛ ነው። «ክርስቲያን አይከፋውም» እየተባለ ያደገ፣ ኀዘኑን ለመናገር የሚያፍር፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ፊቱን አስተካክሎ ቤቱ ሲገባ የሚፈርስ ሰው ብዙ ነው። ስሜትን በራሱ ኃጢአት የሚያደርግ ትምህርት ግን ከቤተ ክርስቲያን አልተገኘም። ጌታ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፍስሷል (ዮሐ. 11፥35)። በጌቴሴማኒም «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል (ማር. 14፥34)። ስለዚህ ክርክራችን ስሜት ይኑር አይኑር በሚለው ላይ አይደለም፤ መሪውን ማን ይጨብጥ በሚለው ላይ ነው።

«ስሜት» የሚለው ቃል የወጣው «ሰማ» ከሚለው ግሥ ነው። የሚሰማ ነገር ነው፤ ወሬ ይዞ የሚመጣ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛ ይደመጣል፣ ይጠየቃል፣ ያመጣው ወሬ ይጣራል፤ ዳኛ ሆኖ ወንበር ላይ ግን አይቀመጥም። መዝሙረኛው በመዝሙር 41 (በዕብራይስጡ አቆጣጠር 42) የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» ኀዘኑን አልካደም፤ አስቀርቦ ጠየቀው። «እምነት» ደግሞ ከ«አመነ» ይመጣል፤ ታመነ፣ ታማኝ፣ አሜን የሚባሉት ሁሉ ከዚያው ቤት ናቸው። አንድ ሰው አማኝ ነው ስንል እግዚአብሔር መኖሩን ተቀብሏል ማለታችን ብቻ አይደለም፤ ለሰጠው ቃል ይታመናል ማለታችንም ነው። መታመን የሚታየው ደግሞ ደስ በማይልበት ቀን ነው።

አንደኛው ነጥብ፦ «ልብ የሌለበት ጸሎት ግብዝነት ነው»

ጸሐፊው ዋና ምስክር ያደረጉት «ይህ ሕዝብ በከንፈሩ ያከብረኛል፥ ልቡ ግን ከእኔ በጣም የራቀ ነው» የሚለውን ቃል ነው (ማቴ. 15፥8)። ቃሉ እውነት ነው፤ ግን ከፍ ብለው ከቁጥር 3 ጀምረው ያንብቡት። ጌታ የሚወቅሳቸው ሰዎች ለአባትና ለእናት የሚገባውን ድጋፍ «መባ ነው» ብለው ያስቀሩ ነበር። ወላጅን አክብር የሚለውን የእግዚአብሔር ትእዛዝ በራሳቸው ወግ ሻሩ። «ልቡ ሩቅ ነው» የተባለው በዚህ ነው። ወቀሳው ስለ እንባ ማነስ ወይም ስለ መንፈስ መቀዝቀዝ አንድም ቃል የለውም። የራቀው ልብ እናቱን ያስራበ ልብ ነው።

የስሕተቱ ሥር «ልብ» የሚለውን ቃል ስሜት ብቻ አድርጎ መውሰድ ነው። በቋንቋችን ልባም ሰው አስተዋይ ሰው ነው። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው። ልጅ «ልብ ገዛ» የሚባለው ማሰብና መወሰን ሲጀምር ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ነፍስ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ሲሉ ልባዊት ያሏት በማሰቧ ነው። በቅዳሴ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ»፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ፣ ይላል፤ ሕዝቡም «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»፣ በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለን፣ ብሎ ይመልሳል። ልብ እንደ ነፋስ ወዲያና ወዲህ የሚል ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ባልተሰጠው ነበር። ልብ ብለው ከሰሙም ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት»፣ ለጸሎት ተነሡ፣ ሲል የሚያዘው አስቀድሞ እግርን ነው። የቆመ አካል ልብን ይጠራል፤ ልብ እስኪመጣ ተቀምጦ የሚጠብቅ ግን ብዙ ጊዜ እንደተቀመጠ ይቀራል።

ግብዝነት ምን እንደሆነ ጌታ ራሱ ተርጉሞታል፦ ለሰው ይታዩ ዘንድ መጸለይ ነው (ማቴ. 6፥5)። ማንም በማያየው ክፍል፣ ደክሞት፣ ምንም ሳይጣፍጠው አቡነ ዘበሰማያትን የሚደግም ሰው ለማን ያስመስላል? ሁለቱን ልጆችም እናስታውስ (ማቴ. 21፥28-31)። አንዱ ወደ ወይኑ አትክልት እንዲሄድ ሲታዘዝ «አልወድም» አለ፤ ኋላ ግን ተጸጽቶ ሄደ። ሌላው «እሺ» አለና ቀረ። በጸሐፊው ሚዛን የመጀመሪያው ልጅ ሳይወድ ስለሄደ አስመሳይ ሊባል ነው። ጌታ ግን የአባቱን ፈቃድ ያደረገው እርሱ እንደሆነ አስፈረደለት።

የሰባቱን ጊዜያት ጸሎት አሠራር ያየ ሰው ነገሩ የበለጠ ይገለጥለታል። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት፤ እያንዳንዱ ሰዓት የተያያዘው ከሆነ ነገር ጋር ነው። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ ወረደ፤ በ6 ሰዓት ጌታ ተሰቀለ፤ በ9 ሰዓት ነፍሱን ሰጠ። ከሚጸልየው ሰው መንፈስ መሞቅ ወይም መቀዝቀዝ ጋር የታሰረ አንድም ሰዓት የለም። ጾሙም እንዲሁ ነው። ረቡዕ የጌታ ሞት የተመከረበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት ቀን ስለሆነ ይጾማል፤ ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት፣ በረቡዕ ወይም በዓርብ የዋሉ ልደትና ጥምቀትም ይለያሉ። የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲተረጉም በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል መሆኑን ተናግሮ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ የፍትወት ኃይል እንዲደክምና ሥጋ ለነባቢት (ለምትናገረው) ነፍስ እንዲታዘዝ ነው ይላል። ደስ ሲል ብቻ የሚጾም ጾም ይህን ሥራ ሊሠራ አይችልም፤ ሥጋው ያው ፈቃዱን ነዋ የሚያደርገው።

ይህን ካልን በኋላ ጸሐፊው ያላነሡትን ሥራ እንናገር፦ ጸሎቱ ደረቅ ሲሆን ምን ይደረጋል?

ብዙ ሰው የሚወድቀው ጸሎት ስለጠላ አይደለም፤ መጠኑን በሞቀ ቀን ስለለካ ነው። ከትልቅ ጉባኤ ወይም ከንግሥ በዓል ማግሥት ሰባቱንም ጊዜያት ለመጠበቅ፣ ዳዊቱንም 15ቱን ንጉሥ በየቀኑ ለማድረስ ይወስናል። አንድ ንጉሥ 10 መዝሙር እንደሆነ ያስቡ። ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ይጎድላል፤ ከዚያ በጎደለው ያፍራል፤ ከዚያ ሁሉንም ይተወዋል። ውሳኔው ራሱ የስሜት ልጅ ነበር፤ ስሜቱ ሲሄድ አብሮት ሄደ። ስለዚህ የጸሎት መጠን መለካት ያለበት ሥራ በዝቶ፣ ታክሲ ጠፍቶ፣ ራስ ታምሞ በዋለ ማክሰኞ ነው። በዚያ ቀን የሚቻለው ያ የእርስዎ ልክ ነው። ለንስሐ አባትዎ ነግረው ያጽኑት፤ በራስ የተሠራ ሕግ በራስ ለመሻር ይቀላል።

ለጀማሪ የሚበቃው ይህ ነው፦ ከእንቅልፍ ሲነሡ ስልኩን ሳይነኩ ፊትዎን ታጥበው ወደ ምሥራቅ ይቁሙ። በስመ አብ ብለው ያማትቡ፤ ስግደት በሚፈቀድበት ቀን 3 ጊዜ ይስገዱ። አቡነ ዘበሰማያት፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ አንድ መዝሙር። ሳይቸኩሉ ሲያነቡት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ለክፉ ቀን ደግሞ ዝቅተኛውን ልክ አስቀድመው ይወስኑ፦ አቡነ ዘበሰማያት፣ አንድ አጭር መዝሙር፣ አንድ ጊዜ ከልብ «አቤቱ ማረኝ»። በደረቅ ቀን ከዚያ በታች አይውረዱ፤ በሞቀ ቀንም አዲስ ስእለት አይሳሉ።

ሲያነቡ ከንፈርዎ ይንቀሳቀስ፤ በዓይን ብቻ የሚነበብ ጸሎት ሐሳብን አይዝም። ሐሳብዎ ሲበታተን ደግሞ ልብ ካሉበት ስንኝ ይቀጥሉ እንጂ ከመጀመሪያው አይጀምሩ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሐሳቡ በሸሸ ቁጥር ከ«በስመ አብ» የሚጀምር ሰው የ15 ደቂቃው ጸሎት 40 ደቂቃ ይሆንበታል፤ በሦስተኛው ቀን ገና መጽሐፉን ሲያይ ይደክመዋል።

የመነኮሳት መምህር የሆነው ማር ይስሐቅ ነፍስ ላይ ጨለማ የሚወርድበት ሰዓት እንዳለ አይደብቅም። ምክሩም ሰውን የሚያውቅ ሰው ምክር ነው፦ ወድቀህ መጸለይ ካቃተህ ልብስህን ተከናንበህ ሰዓቱ እስኪያልፍ ተኛ፤ ከበዓትህ (ከምትኖርበት ክፍል) ግን አትውጣ ይላል። ስሜትህን አስገድደህ አሙቀው አላለም፤ ቦታህን አትልቀቅ አለ። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉት ማዘር ትሬዛም ካረፉ ከ10 ዓመት በኋላ በታተሙት ደብዳቤዎቻቸው ለረጅም ዓመታት የእግዚአብሔር መቅረብ ሳይሰማቸው እንደኖሩ ታውቋል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የታመመ ሲያነሡ፣ የሚሞተውን ሲያጥቡ ነበር። የጽሑፉን ምክር ተቀብለው «ካልተሰማኝ አቆማለሁ» ብለው ቢሆን ስንቱ ጎዳና ላይ ይቀር ነበር?

ሁለተኛው ነጥብ፦ «ሰላም ከተሰማህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው»

ይህ አባባል በጽሑፉ ብቻ ሳይሆን በየአፉ ያለ ስለሆነ ጠበቅ አድርገን እንመልሰዋለን። ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት እየኮበለለ በመርከቡ ታችኛ ክፍል ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር (ዮና. 1፥5)። መርከበኞቹ ሲጨነቁ እርሱ ሰላም ነበረው። ጌታ ደግሞ በአባቱ ፈቃድ መካከል ቆሞ እያለ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ይወርድ ነበር (ሉቃ. 22፥44)። የውስጥ ሰላም ብቻውን ምልክት ቢሆን ዮናስ ልክ ነበር ማለት ነው።

ጸሐፊው የጠቀሱት «የክርስቶስ ሰላም በልባችሁ ይግዛ» የሚለው ቃልም (ቆላ. 3፥15) «በአንድ አካል የተጠራችሁለት» የሚል አብሮት አለ። ከፊቱ ያሉት ቁጥሮች እርስ በርስ ይቅር ስለመባባል ይናገራሉ። ጉዳዩ በምእመናን መካከል ስለሚኖር ሰላም እንጂ ቤት ልከራይ ወይስ ልግዛ ለሚለው ጥያቄ ውስጥን ስለማዳመጥ አይደለም።

ሰው ብዙ ሲያመነታ ቆይቶ በወሰነ ጊዜ ቀለል ይለዋል። ቀለል ያለው ውሳኔው ትክክል ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ማመንታቱ ስላበቃ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለመጥፎ ውሳኔም ለጥሩ ውሳኔም ያው እፎይታ ይመጣል። ስለዚህ ከባድ ጉዳይ ሲገጥም መጠየቅ ያለበት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ጉዳዩ የታዘዘ ወይም የተከለከለ ነው ወይ? ከሆነ እዚያው አለቀ፤ ሐሰተኛ ማስረጃ አቅርቦ ሥራ ለመግባት «ሰላም ተሰማኝ» አይሠራም። ቀጥሎ ቀድሞ የገባሁት ቃል፣ የተቀበልሁት ኃላፊነት ምን ይሆናል? ለምሳሌ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ልሂድ የምትል እናት ልጇን ማን እንደሚያሳድግ በስም፣ በየወሩ ምን ያህል እንደምትልክ በብር መመለስ አለባት፤ «እግዚአብሔር ያውቃል» እዚህ ላይ መልስ አይሆንም። ሦስተኛ፣ ሁለት ሰው ይማከር፦ አንዱ የንስሐ አባት፣ ሌላው ጉዳዩን በሙያው የሚያውቅ። አንዱ ብቻ አይበቃም። የንስሐ አባት የሥራ ውል ላያውቁ ይችላሉ፤ ውል የሚያውቀው ሰው ደግሞ ነፍስዎን ላያውቅ ይችላል። በመጨረሻም ምክንያትዎን በ5 መስመር ጽፈው ይዝጉትና ከ7 ቀን በኋላ፣ በልተውና በቂ ተኝተው ሳሉ፣ ይክፈቱት። በሰባተኛው ቀን ሊያነቡት የሚያፍሩበት መስመር ካለ ያን ጊዜ የጻፈው ስሜት ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ፦ «ቁጣን ማፈን ያሳምማል፤ የተሰማህን በተሰማህ ሰዓት ተናገር»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ተቀብሮ የሚኖር ቁጣ ይመርራል፤ ኩርፊያም ትዕግሥት አይደለም። ሦስት ቀን ከባለቤቱ ጋር ሳይነጋገር «እኔ እኮ ዝም ብያለሁ» የሚል ሰው ቁጣውን በዝምታ እያስፈጸመ ነው። ነገር ግን ከማፈን ማምለጫው መዘርገፍ ነው ማለት ከእሳት ወደ ረመጥ ነው። የተጠቀሰው «ተቆጡ» የሚለው ቃል ተከታዮች አሉት፦ «ኃጢአትንም አታድርጉ፤ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ፥ ለዲያብሎስም ፈንታ አትስጡት» (ኤፌ. 4፥26-27)። ያዕቆብም የሰው ቁጣ የእግዚአብሔርን ጽድቅ አይሠራም ይላል (ያዕ. 1፥20)። የሥነ ልቦና ጥናቶችም ቁጣን መዘርገፍ ቁጣን እንደማያበርድ፣ ይልቁን እንደሚያባብሰው ደጋግመው አሳይተዋል።

አንድ የታወቀ ሁኔታ በቅርበት እንየው። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ነው። ዱባይ የምትሠራ እህት ከአገር ቤት ወንድሟ በቴሌግራም መልእክት ደርሷታል፦ «አንቺ እናታችንን ረስተሻል፤ ለራስሽ ብቻ ነው የምትኖሪው።» ባለፈው ወር የላከችው ብር ትዝ ይላታል። ፊቷ ይግላል፣ ልቧ ይመታል፣ አውራ ጣቷ ፊደል ላይ ነው።

በዚህች ደቂቃ እምነት የሚመራው ሰው የሚያደርገው ነገር በጣም ተራ ነው። መልሱን በመልእክቱ ሳጥን ውስጥ አይጽፍም፤ እዚያ የተጻፈ ነገር በስሕተትም በንዴትም ይላካል። ወረቀት ላይ ይጽፈዋል፣ ያሰኘውን ሁሉ። ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ያደርጋል። ከዚያ ቆሞ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጸልያል፦ የተባለውን ቃል እንደተባለ፣ ያመመውን ነገር በስሙ፣ ከዚያም ለተናገረው ሰው በክርስትና ስሙ ጠርቶ ምሕረት መለመን። ሦስተኛው ላይ ይጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ «ልቡን ስበርልኝ፣ ጥፋቱን አሳየው» ወደሚል ክስ ይለወጣል። ያን ጊዜ ሰውየውን ትተው ለራስዎ የሚለምኑትን ያንኑ ቃል ለእርሱ ይለምኑ። «ፀሐይ አይግባ» ማለት ሌሊቱን ሙሉ ተጨቃጭቀን እንጨርስ ማለት አይደለም፤ ቁጣውን አቅፈህ አትተኛ ማለት ነው። ለእግዚአብሔር አስረክቦ፣ የመነጋገሪያውን ሰዓት ወስኖ መተኛት ትእዛዙን መፈጸም ነው።

በማግሥቱ ከነግህ ጸሎት በኋላ ወረቀቱ ይነበባል። «ሁልጊዜ»፣ «አንድም ቀን»፣ «ድሮም አንተ» የሚሉት ቃላት ይሰረዛሉ፤ ሦስቱም ሐሰት ናቸውና። የቀረው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መስመር ነው፤ እውነተኛው ቅሬታም እርሱ ነው። ከዚያ በጽሑፍ ሳይሆን በስልክ፣ በቤተሰብ ግሩፕ ሳይሆን ለብቻ፦ «ወንድምዬ፣ ትናንት የላክኸውን አነበብሁት፤ በጣም አሞኛል። ቆይ ግን፣ እማዬ ምን ጎድሎባት ነው?» ጥያቄው የእውነት ጥያቄ መሆን አለበት። ምናልባት እናት ታማ ይሆናል፤ ምናልባት የተላከው ብር አልደረሰም ይሆናል። በቁጣ የተጻፈ መልስ ይህን ለመስማት ዕድል አይሰጥም ነበር።

ቅደም ተከተሉን ጌታ ሠርቶታል (ማቴ. 18፥15-17)፦ አንተና እርሱ ብቻ፤ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ፤ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። የእኛ ሽምግልና ሁለተኛውን ደረጃ ይመስላል። ነገር የሚበላሸው ከሁለተኛው ሲጀመር ነው። መልእክቱን ፎቶ አንሥቶ ለአክስት ልጅ የላከ ሰው ሽማግሌ አልጠራም፤ ወገን ነው የሰበሰበው። ከዚያ በኋላ ወንድሙ ይቅርታ ሊጠይቅ ቢፈልግ እንኳ የሚጠይቀው በ10 ሰው ፊት ነው።

አራተኛው ነጥብ፦ «ፍቅር ካለቀ በትዳር መቆየት ውሸት ነው»

አጭር መልስ ይበቃዋል። ሐዋርያው ፍቅርን በ1ኛ ቆሮንቶስ 13፥4-7 ሲገልጥ የተጠቀመባቸውን ቃላት ይቁጠሩ፦ ይታገሣል፣ ቸርነትን ያደርጋል፣ አይቀናም፣ አይመካም፣ የራሱን አይፈልግም፣ አይበሳጭም፣ በደልን አይቆጥርም። ሁሉም የሚደረግ ወይም የሚተው ነገር ነው። ስለዚህ ፍቅር ቀዘቀዘ ሲባል መጠየቅ ያለበት ከእነዚህ የትኛው እንደቆመ ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቆመው ቸርነት ነው፤ የሞቀ ሰላምታ፣ «በልተሻል?»፣ «እንዴት ዋልህ?»። እርሱ ሲመለስ ስሜቱ ከኋላው ይከተላል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም። ድብደባና ለሕይወት ማስፈራራት ያለበት ቤት ግን ከዚህ መልስ ውጭ ነው። እዚያ የሚታዘዘው መጀመሪያ ራስንና ልጆችን ማዳን ነው፤ ይቅርታውና ምክሩ ከአስተማማኝ ቦታ ሆኖ ይታያል። ይቅር ማለትና ተመልሶ ለዱላ መዳረግ አንድ አይደሉም። «እምነት ካለሽ ቻዪው» የሚል ማንም ሰው በእምነት ስም የሌላ ሰው ቁጣ እንዲገዛ እያደረገ ነው።

አምስተኛው ነጥብ፦ «በጭንቀት ሰዓት ሃይማኖት ይቀመጥ»

ጸሐፊው «ለተጨነቀ ሰው ጾምና ስግደት ማዘዝ ጭካኔ ነው» ብለዋል። ሰው ሳይጠይቁ ሸክም የሚጭኑ መኖራቸው እውነት ነው፤ በዚህ ቁጣቸውን እንጋራለን። ግን መጽሐፍ ቅዱስ የደከመውን እንዴት እንደሚያነሣ ይመልከቱ። ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ እንዲሞት ለመነ (1ኛ ነገ. 19)። መልአኩ ተግሣጽ አላመጣም። «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ የተጋገረ እንጎቻና ውሃ ነበረ። በላ፣ ተኛ። ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። ከዚያ በኋላ ነው 40 ቀን የሄደው፤ «ኤልያስ ሆይ፥ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄም የመጣው ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። ምግብ፣ እንቅልፍ፣ እንደገና ምግብ፣ መንገድ፣ ጥያቄ። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ መካሪ ነው ጨካኙ፤ ሃይማኖቱ አይደለም።

የጸሎት መድረቅና ሕመምም ይለዩ። መድረቅ ያለበት ሰው ይሠራል፣ ይበላል፣ ይስቃል፤ ጸሎቱ ብቻ አይጣፍጠውም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን የሚከፋው፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ደስታ የነሣው፣ እንቅልፍና ምግብ የተዛባበት፣ ከአልጋ መነሣት ተራራ የሆነበት ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል። ራስን ስለማጥፋት ከተናገረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን አይተው፣ መድኃኒትና ገመድ ከአጠገቡ ይራቅ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰድ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለመድኃኒትን አክብረው፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። ሐኪም ቤት መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም።

ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ። ለድብርት የሚሰጡ መድኃኒቶች ሥራቸው እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳሉ፤ በድንገት ሲቋረጡም ማዞር፣ መረበሽና የሕመሙ መመለስ ይከተላል። ጸበሉ በባዶ ሆድ ከሆነ የሚወሰድበት ሰዓት እንዲቀየር ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ይቻላል። በተለይ ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውሃ ሳይጠጣ አይዋል፤ ሰውነት ውሃ ሲያጣ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ይመርዛል። ይህን የማያውቁ አጥማቂና ቤተሰብ በቅን ልብ ሰው ሊጎዱ ይችላሉ። ፍትሐ ነገሥትም ቢሆን በሽተኛን በጾም አያስገድድም። የንስሐ አባት ጾሙን ሊያሳንሱ፣ ስግደቱን ሊያነሡ፣ በምትኩ ለደካማ የሚቻል ነገር ሊሰጡ ይችላሉ፤ ግን ካልተነገራቸው አያውቁም። ሲነግሯቸው በደፈናው «አሞኛል» አይበሉ። የሐኪሙን ቃል፣ የመድኃኒቱን ስም፣ የሚወሰድበትን ሰዓት ይንገሯቸው።

ታዲያ ሃይማኖት ይቀመጥ? አይቀመጥም፤ ሌላ ሰው ይሸከመዋል። ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው ጣራ ነድለው ባወረዱት ጊዜ ወንጌል የሚለው «እምነታቸውንም አይቶ» ነው (ማር. 2፥5)። የሽባውን ብቻ አላለም። በቤትዎ እንዲህ ያለ ሰው ካለ «ተነሥተህ ጸልይ» አይበሉት። ሾርባውን ይዘው ይግቡና ያብሉት፤ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው አንድ መዝሙር በድምፅ ያንብቡለት። መዝሙር 87ን (በዕብራይስጡ 88) ማንበብ ይችላሉ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨለማ ነው፣ መጽናኛ ሳይመጣ ያልቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ከዳዊቱ አላወጣችውም። ሲጨርሱ አቡነ ዘበሰማያትን በዝግታ ይበሉ። አብሮዎት ከንፈሩን ካንቀሳቀሰ መልካም፤ ካላንቀሳቀሰም እርስዎ ብለውለታል። ምክር ሳይጨምሩ ሳህኑን ይዘው ይውጡ፤ ነገም በዚያው ሰዓት ይመለሱ።